የሚሮጥበትን ላልመረጠ አሰልጣኝ ምን ይሠራለታል?

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በተለቀቀ ማግስት ቴሌግራሙንና ቲክቶኩን የሚያጥለቀልቀው የማጠናከሪያ ትምህርት ማስታወቂያ ብቻ አይደለም። «ላይፍ ኮች»፣ «የስኬት አሰልጣኝ»፣ «አነቃቂ ተናጋሪ» የሚባሉትም ተርታውን ይይዛሉ። ገበያው እንዲያው ከመሬት አልበቀለም። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ወዲህ የማለፊያውን 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በመጀመሪያው ዓመት 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ብቻ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት 845 ሺህ ገደማ ተማሪዎች ያለፉት ከ27 ሺህ ብዙም አይበልጡም። በየዓመቱ በመቶ ሺዎች በሚቆጠር ቤት «አሁንስ ምን ይሁን?» የሚል ጥያቄ ይነሳል ማለት ነው። አቅም ያለው ወላጅ ልጁን የሚወስድበት ሲፈልግ ሁለት ዓይነት ባለሙያ ያገኛል፤ አንዱ የምክር አገልግሎት የሚሰጥ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ ሌላው ኮች። ብዙ ጊዜ ምርጫውን የሚወስነው ዋጋው፣ የባለሙያው ዝና፣ ወይም ለጎረቤት ሲነገር የማያሳፍረው ስም ነው። የእኔ ክርክር አጭር ነው፤ በትምህርትና በሙያ ጉዳይ ግራ የተጋባ የአገራችን ወጣት መጀመሪያ መገናኘት ያለበት ከአማካሪ ጋር ነው። ኮች የሚጠቅመው ግቡ የራሱ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ከገንዘቡ በላይ ዕድሜ ይባክናል።

ሁለቱ አገልግሎቶች ለተመልካች ይመሳሰላሉ። ሁለቱም ዘንድ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ያወራሉ፤ ባለሙያው ይጠይቃል፣ ባለጉዳዩ ይናገራል፣ ቀጠሮ ይያዛል። ልዩነታቸው ጎልቶ የሚታየው አመጣጣቸው ሲታይ ነው። የሙያ ምክር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1908 ፍራንክ ፓርሰንስ የተባለ አሜሪካዊ ቦስተን ከተማ ውስጥ የሙያ ምርጫ ቢሮ ሲከፍት ነው። ከተማዋ ያኔ ከባሕር ማዶ በመጡ ስደተኞችና ሥራ በሚፈልጉ ወጣቶች የተጨናነቀች ነበረች። ፓርሰንስ ቢሮውን በከፈተበት ዓመት ቢሞትም፣ በ1909 የታተመው መጽሐፉ ለሙያው መሠረት ሆኖ ቀርቷል። ሐሳቡ ሦስት ደረጃ ነበረው፤ ወጣቱ መጀመሪያ ራሱን ይወቅ፣ ቀጥሎ የሥራውን ዓለም ይወቅ፣ ከዚያ ሁለቱን አገናዝቦ ይወስን። መነሻው «ይህ ልጅ የሚሄድበትን ገና አላወቀም» የሚል እንደሆነ ልብ ይሏል። ሙያው ከጊዜ በኋላ ከሥነ ልቦና ጋር ሲቆራኝ ፍርሃትን፣ ሐዘንን፣ የቤተሰብ ጫናን፣ በውድቀት የሚመጣ እፍረትን የማዳመጥ ብቃት ጨመረ። ዛሬ በአግባቡ የሠለጠነ አማካሪ የድባቴና የጭንቀት ምልክቶችን ለይቶ፣ ከአቅሙ በላይ ሲሆን ወደ ሕክምና መላክን ከሥራው ቀዳሚ ግዴታዎች አንዱ አድርጎ ይማራል።

የኮቺንግ ታሪክ የሚጀምረው ከሌላ ሜዳ ነው፤ ያውም ከእውነተኛ ሜዳ። እ.ኤ.አ. በ1974 ቲሞቲ ጋልዌይ የተባለ የቴኒስ አሰልጣኝ ተጫዋቹን ከባላጋራው ይልቅ የሚያሸንፈው የገዛ ጥርጣሬው እንደሆነ የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተመ። ይህን አካሄድ ወደ መሥሪያ ቤት ካሸጋገሩት መካከል የቀድሞው የመኪና እሽቅድምድም ተወዳዳሪ ጆን ዊትሞር ይገኝበታል፤ በ1992 ባሳተመው መጽሐፍ ያስተዋወቀው አሠራር ግብን በማስቀመጥ ይጀምርና አሁን ያለውን ሁኔታ መመርመርን፣ አማራጮችን መደርደርንና የሚሠራውን መቁረጥን ያስከትላል። በ1995 ደግሞ ዓለም አቀፉ የኮቾች ፌዴሬሽን ተቋቋመ። ይህ አሠራር ለታለመለት ሰው ጠንካራ መሣሪያ ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው ጥያቄ «ግብህ ምንድን ነው?» መሆኑ ብዙ ነገር ይናገራል። የቴኒስ አሰልጣኝ ተጫዋቹን «ለመሆኑ ቴኒስ መጫወት ትፈልጋለህ ወይ?» ብሎ አይጠይቀውም፤ ራኬቱን ይዞ የመጣ ሰው ጨዋታውን መርጦ ጨርሷል። ኮቺንግ ከዚህ ግምት ነው የተወለደው፤ ሰውየው ጤነኛ ነው፣ የሚፈልገውን ያውቃል፣ የቀረው ማድረጉ ነው።

ይህን ግምት ወደ እኛ አገር የትምህርት ጉዞ አምጥተን እንመዝነው። አንድ ተማሪ 11ኛ ክፍል ሲገባ ከተፈጥሮ ሳይንስና ከማኅበራዊ ሳይንስ አንዱን ይይዛል። ይህን ሲወስን ዕድሜው 16 ወይም 17 ነው፤ ጎበዝ የሚባል ከሆነ ደግሞ ተፈጥሮ ሳይንስ እንዲገባ ቤቱም መምህሩም የወሰኑለት ያህል ነው። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ ለዓመታት በሥራ ላይ የቆየው «70 ለ30» የሚባለው ፖሊሲ ከዩኒቨርሲቲ ገቢዎች ሰባ በመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲመደቡ ያዝዝ ነበር። በእነዚያ ዓመታት የወጣቱን መስክ ለመወሰን የመንግሥት ዕቅድ ከልጁ ዝንባሌ ያልተናነሰ ድምፅ ነበረው። በ2012 ዓ.ም. የፍሬሽማን ዓመት ከተመለሰ ወዲህ የዲፓርትመንት ምርጫ የሚሞላው ግቢ ውስጥ ነው፤ የሚወስነው ግን ጂፒኤውና የዲፓርትመንቱ የቅበላ አቅም ነው። በዚህ ላይ «ልጄ ሐኪም፣ ልጄ ኢንጂነር» የሚለውን የቤተሰብ ምኞት ጨምሩበት። ታዲያ ይህን ሁሉ አልፎ ሦስተኛ ዓመት ላይ የደረሰን ተማሪ «ግብህ ምንድን ነው?» ብለን ስንጠይቀው የሚመልስልን የማንን ግብ ነው? የአባቱን፣ የምደባውን፣ ወይስ የራሱን? በ2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በስፋት በተሰጠው የመውጫ ፈተና ያለፉት ከ40 በመቶ ብዙም አልዘለሉም። ለዚህ ውጤት የማስተማሩ ጥራት ትልቅ ድርሻ እንዳለው አያከራክርም። ያም ሆኖ ያልመረጡትን መስክ አራትና አምስት ዓመት መማር ምንም ዋጋ አያስከፍልም ብሎ የሚሞግት ያለ አይመስለኝም።

ልዩነቱን ቀረብ ብለን እንየው። ሲቪል ኢንጂነሪንግ የምትማር የሦስተኛ ዓመት ተማሪ አለች እንበል። ሁለተኛ ዓመትን በ3.2 ጂፒኤ ጨርሳ ነበር፤ አሁን 2.1 ላይ ናት፤ አንድ ሴሚስተር እንዲህ ከቀጠለ ማስጠንቀቂያ ይደርሳታል። ጎበዝ ኮች ዘንድ ብትሄድ የሳምንት ፕሮግራም ያሠራታል፤ ሌሊት 11 ሰዓት መነሳትን፣ ስልክ ዶርም ትቶ ላይብረሪ መግባትን፣ ከጓደኞች ጋር በቡድን ማጥናትን ያለማምዳታል፤ በየሳምንቱም ምን እንደሠራች ይጠይቃታል። ጥሩ ነው። አማካሪ ዘንድ ብትሄድ ግን ወሬው የሚጀምረው ከሌላ ቦታ ነው። መውረድ የጀመረው መቼ ነው? ያን ሰሞን ቤት ውስጥ ምን ሆነ? እንቅልፍሽ፣ ምግብሽ እንዴት ነው? ዲፓርትመንት ስትሞዪ አንደኛ ምርጫ አድርገሽ የጻፍሽው ምን ነበር፣ ማንስ አጻፈሽ? ከእነዚህ ጥያቄዎች በኋላ አራት የተለያዩ ታሪኮች ሊወጡ ይችላሉ። ወንድሟን በሞት አጥታ ወይም ቤተሰቧ ተፈናቅሎ ከሆነ ሐዘኗን የሚያዳምጥ፣ ምናልባትም የሚያክማት ሰው ያስፈልጋታል። ልቧ ሒሳብ አያያዝ ላይ ሆኖ በአባቷ ቃል ምሕንድስና ገብታ ከሆነ፣ ስለ መስክ ቅየራና ከአባቷ ጋር እንዴት እንደምትነጋገር መመካከር አለባት። መስኩን ወድዳው የካልኩለስ መሠረቷ ደካማ ከሆነ የሚያስጠናት ሰው ነው የጎደላት። ሁሉም ተሟልቶ ጊዜዋን መግዛት ካቃታት ብቻ ኮቹ ትክክለኛ ሰው ነው። የውጤት ወረቀቱ አንድ ሆኖ ሳለ መድኃኒቱ አራት ዓይነት ነው። የአማካሪው አገልግሎት ዋጋ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ አራቱን ይለያል። በቀጥታ ወደ አራተኛው መድኃኒት የሄደች ልጅ ፕሮግራሙ አልሠራ ሲላት «ችግሩ እኔው ነኝ» ብላ ትደመድማለች።

አማካሪ ዘንድ መሄድ እንዲሁ ተቀምጦ ማውራት ነው የሚል ካለ ጥናቱ ሌላ ነው የሚለው። እ.ኤ.አ. በ2000 ስቲቨን ብራውንና ናንሲ ራያን ክሬን የተባሉ ተመራማሪዎች በሙያ ምክር ላይ የተደረጉ በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ አሰባስበው ውጤት የሚያመጣው የትኛው ክፍል እንደሆነ ፈተሹ። አምስት ነገሮች ነጥረው ወጡ፤ ሐሳብንና ዕቅድን በጽሑፍ ማስፈር፣ ለዚያ ሰው ብቻ የተሰጠ ትርጓሜና ግብረ መልስ፣ ስለ ሥራው ዓለም ተጨባጭ መረጃ፣ በዚያ መንገድ ያለፉ ሰዎችን አርአያነት ማየት፣ እና ውሳኔውን የሚደግፍ ሰው በዙሪያ ማሰባሰብ። ይህ ዝርዝር ለወላጅ ጥሩ መለኪያ ነው። የምክር ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ወረቀት አለ ወይ? በአንድ በኩል ልጁ ሳይሰለቸው የሚሠራቸው ነገሮች፣ በሌላ በኩል ውጤቱ የሚያስገባው ዲፓርትመንት ወይም የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና፣ በሦስተኛው በዚያ መስክ የሚሠራና ሊያነጋግረው የሚችል ሰው ተጽፎበታል? አማካሪው በሬሜዲያል መግባት፣ በግል መፈተን፣ ቴክኒክና ሙያ መግባት ምን ምን እንደሚጠይቅ ያውቃል? እነዚህ ከሌሉ በሩ ላይ «የምክር አገልግሎት» ተብሎ ቢጻፍም አገልግሎቱ የለም።

ከሚነሱት ተቃውሞዎች የሚከብደው ኮቺንግም ማስረጃ አለው የሚለው ነው። እውነት ነው፣ አለው። ኤሪክ ቤቲንገርና ሬቸል ቤከር የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ከ13 ሺህ በላይ የኮሌጅ ተማሪዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ያጠኑት ጥናት በዚህ ረገድ ብዙ ይጠቀሳል። ለአንደኛው ቡድን ኮቾች አዘውትረው እየደወሉ ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ጊዜ አጠቃቀሙ፣ ከክፍል ውጭ ስላለበት ጫና ያነጋግሩት ነበር። ከስድስት ወር በኋላ ኮች ከተመደበላቸው መካከል በትምህርታቸው የቀጠሉት ካልተመደበላቸው በአምስት ፐርሰንቴጅ ነጥብ ገደማ በልጠው ተገኙ፤ ክትትሉ ካበቃ ከዓመት በኋላም ልዩነቱ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ይህን ማስረጃ አልነቅፍም፤ እንዲያውም ለክርክሬ ይጠቅመኛል። እነዚያ ሰዎች ኮሌጁን መርጠው የተመዘገቡ ናቸው፤ ብዙዎቹም ጎልማሶች ነበሩ። የተለካው ከጀመሩት ትምህርት አለመውጣታቸው ነው፤ ትክክለኛውን ትምህርት መምረጣቸው አልተለካም። ግብ ያለውን ሰው ኮች እንደሚያግዘው ተረጋግጧል ማለት፣ ግብ የሌለውን ግብ ይፈጥርለታል ማለት አይደለም። የእኛ አገር ገበያ ደግሞ ከዚህም የራቀ ነው። በጥናቱ የተፈተነው ለአንድ ተማሪ የተመደበ ሰው ወራት የፈጀ ክትትል ነው፤ በአዳራሽ ለመቶዎች የሚቀርብ የሁለት ሰዓት ማነቃቂያ ንግግር በዚያ ማስረጃ ጥላ ሥር ሊሸጥ አይገባም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከተግባር ይነሳል፤ አማካሪ ከየት ይመጣል? ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። የአሜሪካ የትምህርት ቤት አማካሪዎች ማኅበር ለአንድ አማካሪ ከ250 ተማሪ እንዳይበልጥ ቢመክርም፣ ሀብታሟ አገር ራሷ አማካዩን እዚያ አላደረሰችውም። በእኛ ብዙ ትምህርት ቤቶች «ጋይዳንስ ኤንድ ካውንስሊንግ» የሚል ቢሮ ቢኖርም ባለሙያው ያረፈደና የተጣላ ተማሪን ጉዳይ በማየት፣ ወላጅ በመጥራት፣ የቢሮ ሥራ በማገዝ ይጠመዳል፤ ስለዚህ ተማሪው ቢሮውን የሚያውቀው በቅጣት ነው። በከተማ ያለው የግል አገልግሎት ደግሞ ለብዙው ሰው ኪስ ይከብዳል። ኮች ግን ስልክ ላይ አለ፣ ቀጠሮው ቅርብ ነው፣ ንግግሩ ተስፋ ይሰጣል። በዚህ ላይ የስሙ ጉዳይ አለ። ልጄ ኮች አላት ማለት ያኮራል፤ የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ትሄዳለች ሲባል «ምን ሆነች?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። ይህን ሁሉ ተቀብዬም መደምደሚያውን አልቀበልም። የሚያስፈልገው ነገር እጥረት ስላለበት፣ በገበያ ላይ የተረፈው ነገር ይተካዋል ማለት አይደለም። በተለይ ጥንቃቄ የሚሻው ዕድሜው ነው። ሮናልድ ኬስለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ ባወጡት ጥናት፣ የአእምሮ ጤና እክል ከሚገጥማቸው ሰዎች ግማሹ ምልክቱ የሚጀምራቸው እስከ 14 ዓመታቸው፣ ሦስት አራተኛው ደግሞ እስከ 24 ዓመታቸው ባለው ጊዜ ነው። ውጤት ወረደ የሚባልበት ዕድሜና ሕመም የሚጀምርበት ዕድሜ አንድ ነው ማለት ነው። በድባቴ የተያዘን ልጅ «ስንፍናህን አሸንፍ» ማለት ሸክሙ ላይ ሸክም መጨመር ነው። ዓለም አቀፉ የኮቾች ፌዴሬሽን ራሱ ኮች የሥራውን ድንበር እንዲጠብቅና ባለጉዳዩን እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ሌላ ባለሙያ እንዲልክ ከአባላቱ ይጠብቃል። ድንበሩን የማያውቅ ኮች የገዛ ሙያውን ሕግ አላነበበም።

ሌሎች ደግሞ ይህ ሁሉ የውጭ አገር ጣጣ ነው ይላሉ፤ እኛ ወላጅ፣ ሽማግሌ፣ የንስሐ አባት አለን። አዎ፣ አለን፤ ለሐዘን፣ ለእርቅና ለትዳር ያላቸውን ዋጋ አላሳንስም። ሆኖም በልማዳችን ምክር ማለት በአብዛኛው የሚያውቅ ለማያውቅ የሚነግረው ነገር ነው፤ «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለው ተረት የዚህ አስተሳሰብ ልጅ ነው፤ መካሪው መልሱን አስቀድሞ ይዟል፣ ተመካሪው የቀረው እሺ ማለት ነው። በመስክ ምርጫ ላይ ደግሞ መካሪው ወላጅ ባለጉዳይም ጭምር ነው፤ ተስፋው፣ ስሙ፣ ጡረታው ከልጁ ምርጫ ጋር ተያይዟል። ልጁም ይህን ስለሚያውቅ እውነቱን ለመናገር ይቸገራል። ከቤቱ ውጭ ያለ፣ ከውጤቱ ምንም የማያገኝ፣ የሰማውን የማያወራ ሰው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ጥሩ አማካሪ ቤተሰቡን አያገልም፤ ልጁ የራሱን ሐሳብ ከለየ በኋላ አባቱን ጠርቶ ሦስት ሆነው እንዲነጋገሩ ያደርጋል። ሥራ በሌለበት አገር ስለ ዝንባሌ ማውራት ቅንጦት ነው የሚሉትም መልስ ይገባቸዋል። አማካሪ ሥራ አይፈጥርም፤ ኮችም አይፈጥርም። ነገር ግን በር በበዛበት አገር አንዱን የተሳሳተ ሰው ሌላውን ያንኳኳል፤ በር በጠበበበት አገር የተሳሳተ ሰው አራት ዓመቱንና የቤተሰቡን ጥሪት ይከፍላል። ስለዚህ አስቀድሞ መመርመር ይበልጥ የሚያስፈልገው ድሃውን ነው።

እንግዲህ ወላጅ ምን ያድርግ? ልጁ «ምን እንደምፈልግ አላውቅም» ካለ፣ ወይም የሚፈልገውን ሲናገር ድምፁ የሌላ ሰው ከሆነ፣ ወይም እንቅልፉ፣ ምግቡ፣ ጓደኝነቱ ከተቀየረ አማካሪ ዘንድ ይሂድ። የሚፈልገውን በራሱ አንደበት ከተናገረ፣ ጤናውም ደህና ሆኖ ያቃተው መጀመር ወይም መጨረስ ብቻ ከሆነ ኮች ይበቃዋል፤ እንዲያውም አማካሪ ዘንድ ሄዶ ወራት ማባከን አይኖርበትም። ከሁለቱም ጋር ከመስማማት በፊት ሦስት ነገር መጠየቅ ተገቢ ነው፤ የት ምን ተማርክ፣ ከአቅምህ በላይ የሆነውን ወዴት ትልካለህ፣ ልጄ የሚነግርህን ለማን ታወራለህ? ውጤት በዋስትና የሚሸጥ፣ ወይም «ሁሉንም ችግር እፈታለሁ» የሚል ሰው የማዕረግ ስሙ ምንም ይሁን ምን ይቅር።

ትልቁ ድርሻ ግን የወላጅ አይደለም፤ አብዛኛው ቤተሰብ ለሁለቱም የሚከፍለው የለውም። አገሪቱ የባለሙያ ዘር የላትም አይባልም፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ በማስተርስ ደረጃ ያስተምራል፣ በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም የሥነ ልቦና ዲፓርትመንቶች አሉ። የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች በመምህራኖቻቸው ተቆጣጣሪነት የተግባር ልምምዳቸውን በየግቢው ቢሠሩ ሁለት ጥቅም በአንድ ጊዜ ይገኛል። የትምህርት ቤት አማካሪዎችም ከቅጣት ሥራ ወጥተው ለሙያቸው ይተዉ። ትምህርት ሚኒስቴር ከአንድ ቦታ ይጀምር ብባል የምመርጠው ይህን ነው፤ ማንኛውም የፍሬሽማን ተማሪ የዲፓርትመንት ምርጫ ፎርም ከመሙላቱ በፊት ከሠለጠነ አማካሪ ጋር ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቀመጥ። የአራትና የአምስት ዓመት ትምህርት ወጪ ለሚሸፍን መንግሥት ያቺ ሰዓት ርካሽ ናት። ከዚያ በኋላ መሮጥ የሚፈልግ ኮች ይቅጠር፤ ሮጦ የሚደርስበት የራሱ ይሆናል።